ምድጃም እንደ ማረሻ ይጠገናል

ገበሬ የመሣሪያውን ነገር ያውቃል። ማረሻው ሲዶለዱም ቀጥቃጭ ቤት ወስዶ ያሠራዋል። ማጭዱን አጨዳ ሳይደርስ ይስላል። ሞፈሩ ሲሰነጠቅ በጠፍር ያስረዋል። ጎተራውን አዲስ እህል ሳይገባበት ይመርገዋል። መሣሪያውን ያልጠበቀ ገበሬ፣ ጊዜው ሲደርስ እጁን አጣጥፎ እንደሚቀመጥ ሁሉም ያውቀዋል።

በቤት ውስጥ ግን ከእነዚህ ሁሉ የበለጠ የሚሠራ አንድ ዕቃ አለ። ማረሻ ዘር ካለቀ በኋላ ይሰቀላል። ማጭድ ከአጨዳ በኋላ ያርፋል። ምድጃ ግን ክረምት ከበጋ፣ ጾም ከፍስክ ዕረፍት የለውም። እንዲህም ሆኖ ማን ይጠግነዋል? መቼስ ይጸዳል? በብዙ ቤት መልሱ «ሲፈርስ እናየዋለን» የሚል ነው።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። እሳቱ ሳይነሣ በቅጠል ይጠፋል፤ ከተነሣ በኋላ ግን ወንዝም አይበቃውም። የምድጃም ነገር እንዲሁ ነው። ዛሬ በአንድ እፍኝ ጭቃ የሚደፈን ስንጥቅ፣ ነገ ማገዶ ይፈጃል፤ ዓይን ያስለቅሳል፤ ሕፃን ያስላል፤ ሲብስም ቤት ያቃጥላል።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ምድጃ ጽዳትና ጥገና እንነጋገራለን። በየቀኑ ምን ይደረጋል? በየሳምንቱስ? ከክረምት በፊትና ከክረምት በኋላስ?

ምርጥ ምድጃ ምንድን ነው?

«ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ በአገራችን የኃይል ጥናት ባለሙያዎች ተሠርቶ፣ በ1980ዎቹ ዓ.ም. ለሕዝብ የቀረበ ነው። የሚሠራው ከሲሚንቶና ከአሸዋ፣ ወይም ከሲሚንቶና ከቀይ አሽ ነው። 6 ቁራጮች አሉት። 4ቱ ቁራጮች ሲገጣጠሙ ክብ ይሆናሉ፤ ምጣዱ በእነሱ ላይ ይቀመጣል። 2ቱ ደግሞ ከኋላ በጢሱ መውጫ በኩል ይገጠማሉ፤ እዚያ ላይ ድስት ይጣዳል።

በሦስት ጉልቻ ላይ ሲጋገር እሳቱ በየአቅጣጫው ይበተናል። ነፋስ ይወስደዋል። የጋጋሪዋን እግርና ፊት ያነዳል እንጂ፣ ምጣዱ የሚያገኘው ሙቀት ጥቂቱን ነው። ምርጥ ምድጃ ግን እሳቱን እንደ አጥር ከልሎ ከምጣዱ ሥር ያቆየዋል። ሙቀቱም በኋላ በኩል ሲወጣ የተጣደውን ድስት ያሞቃል።

በዚህ የተነሣ፣ ምድጃው በደንብ ከተያዘ ለእንጀራ ከሚነደው ማገዶ እስከ ግማሽ ድረስ ያተርፋል። «በደንብ ከተያዘ» የሚለውን ቃል አትርሱት። አመድ የሞላው፣ መገጣጠሚያው የተከፈተ፣ እርጥብ እንጨት የሚነድበት ምድጃ ያንን ያህል አያተርፍም።

ምርጥ ምድጃ የሌላችሁ አንባቢዎችም ይህን ጽሑፍ አትዝለሉት። ከጭቃ የተሠራ፣ ዙሪያው የተከለለ ምድጃ ካላችሁ፣ ምክሩ ለእናንተም ይሆናል።

እስቲ እናስላው

መደመርና ማባዛት የተማርነው ለዚህ ጊዜ ነው። እርሳስ ያዙ።

ለምሳሌ አንድ ቤት ለእንጀራ መጋገሪያ ብቻ በሳምንት 2 ሸክም እንጨት ያነዳል እንበል። ዓመቱ 52 ሳምንት ነው። 2 ሲባዛ በ52፣ 104 ሸክም ይሆናል። በደንብ በተያዘ ምድጃ ግማሹ ከተረፈ፣ 52 ሸክም ተረፈ ማለት ነው።

አንድ ሸክም ለቅሞና ተሸክሞ ለመመለስ 3 ሰዓት ይፈጃል እንበል። 52 ሲባዛ በ3፣ 156 ሰዓት ይሆናል። በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ፣ ይህ ከ19 ቀን በላይ ነው። የእናት ወገብ፣ የልጃገረድ የትምህርት ቀን፣ የተራራው ዛፍ፣ ሁሉም በዚህ ሒሳብ ውስጥ አሉ። ኩበት የምታነዱም ብትሆኑ ሒሳቡ አይቀርም። ያልነደደ እበት ለማሳ ፍግ ይሆናል።

አሁን የራሳችሁን ቤት ቁጥር አስገብታችሁ አስሉት።

ጢሱ ምን ያደርጋል?

ጢስ የሚበዛው እሳት አየር ሲያጣ ነው፤ ወይም እንጨቱ እርጥብ ሲሆን። ጢስ ማለት ያልተቃጠለ ማገዶ ነው። ስለዚህ ጢስ በበዛበት ቤት ሁለት ኪሳራ አለ። ማገዶው ሳይሠራ ይባክናል፤ ሰውም ይታመማል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ሞቷል። ከእነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት 5 ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። በሕፃናት ላይ የሚብሰው የሳንባ ምች ነው። በእናት ጀርባ ታዝሎ ምድጃ ዳር የሚውል ሕፃን፣ እናቱ የምትስበውን ጢስ ሁሉ ይስባል። የእሱ ሳንባ ግን ገና ለጋ ነው።

እውነቱን እንናገር። ምርጥ ምድጃ ጢስ ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያጠፋም። ስለዚህ በጋገራ ጊዜ በርና መስኮት ይከፈት። ሕፃኑ ለሌላ ሰው ይሰጥ፤ ወይም ከጢሱ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። የሚቻል ከሆነ ማድ ቤቱ ከመኝታው ይለይ።

አማትና ምራት እንዲህ ሲባባሉ ይሰማል።

«ልጄ፣ ጢሱን ሁሉ ካባረርሽው የቤቱን ክዳን ነቀዝ አይበላውም ወይ? እኛ ያደግነው በጢስ ነው።»

«እማዬ፣ ጢስ ክዳኑን ከነቀዝ እንደሚጠብቅ አውቃለሁ። ነገር ግን ክዳን ቢበላ በአዲስ ሣር ይለወጣል። የእርስዎ ዓይን፣ የልጁ ሳንባ በምን ይለወጣል?»

ምራቷ እውነት አላት። አማቷም የተናገሩት ውሸት አይደለም። ጢስ ለሣር ክዳን ይጠቅማል፤ ለሰው ግን ይጎዳል። ሁለቱ ሲመዘኑ ሰው ይበልጣል።

በተጋገረ ቁጥር የሚደረግ

1. ጋገራ ሲያልቅ ያልነደደውን ትርኳሽ አውጡና በአፈር ወይም በቀዘቀዘ አመድ አዳፍኑት። ሲጠፋ ለሌላ ቀን ይሆናል። በጋለው ምድጃ ላይ ውሃ አታፍስሱ። የጋለ ሲሚንቶም ሆነ የጋለ ምጣድ ውሃ በድንገት ሲነካው ይሰነጠቃል።

2. ምድጃው እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ከዚያ አመዱን ዝቃችሁ አውጡ። አመድ ሲከማች ለማገዶው ቦታ ያጣብባል፤ አየር ያግዳል። አየር ያጣ እሳት ይታፈናል፤ ይጤሳል። ጋጋሪዋም ደጋግማ እፍ ለማለት ትገደዳለች።

3. አመዱን በገል፣ በሸክላ ዕቃ ወይም በቆርቆሮ ያዙት። በፕላስቲክ ዕቃ፣ በቅርጫት ወይም በጆንያ አትያዙት።

4. አመዱን ከቤት፣ ከጭድ ክምርና ከኩበት ክምር ርቃችሁ ድፉት። ነፋስ ባለበት ቀን አፈር አልብሱት።

በዚህ በ4ኛው ላይ ጥቂት እንቆይ። ማታ የተዳፈነ እሳት ጧት ጭራሮ ሲነካው ቦግ እንደሚል እናቶች ሁሉ ያውቃሉ። ላዩ ቀዝቅዞ ውስጡ ረመጥ ነው። ጧት እሳት የሚያስገኝልን ይኸው ፍም፣ ከጭድ አጠገብ ከተደፋ የዓመቱን ልፋት ያነዳል። አመድ «በርዷል» የሚባለው በዓይን ታይቶ አይደለም። በእንጨት ተገላብጦ፣ ውስጡ ፍም አለመኖሩ ሲረጋገጥ ነው።

የቀዘቀዘ አመድ ግን የሚጣል ነገር አይደለም። በአሲዳማ አፈር ላይ በስሱ ቢበተን አፈሩን ያሻሽላል። ለጓሮ አትክልት ይሆናል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ደጋግሞ መከመር ግን አፈሩን ይጎዳል። እርጥብ አመድ ቆዳንና ዓይንን ስለሚያቃጥል፣ ዝቃችሁ ስትጨርሱ እጃችሁን ታጠቡ።

በየሳምንቱ የሚደረግ

ጥቀርሻውን ጥረጉ። ከኋላ ያለው የጢስ መውጫ ቀስ በቀስ በጥቀርሻ ይጠብባል። መውጫው ሲጠብ ጢሱ ወደ ፊት ይመለሳል፤ የጋጋሪዋን ፊት ይመታል። ምድጃው ሲቀዘቅዝ በደረቅ መጥረጊያ ወይም በጭራሮ ችቦ ፈቅፍቃችሁ አውጡት። አፍና አፍንጫችሁን በነጠላ ጫፍ ሸፍኑ።

ምድጃችሁ የጢስ ማውጫ ቱቦ ያለው ከሆነ፣ ቱቦው ውስጡ ይታይ። በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ጨርቅ አስራችሁ ጥረጉት። ውስጡ የከረመ ጥቀርሻ እሳት ከያዘ ክዳን ሊያቃጥል ይችላል።

ቀና ብላችሁ ጣሪያውን እዩ። ከምድጃው በላይ የተንጠለጠለ ጥላሸትና የሸረሪት ድር ካለ አውርዱት። አንድ የእሳት ብልጭታ ይበቃዋል። ልብስ፣ ጆንያ፣ ጭድ፣ የላምባ ጠርሙስ ከምድጃው አጠገብ አይቀመጥ።

መገጣጠሚያዎቹን መርምሩ። እንዴት? ዘዴው ቀላል ነው። ምጣዱን እንደ ጋገራ ቀን አስቀምጡና ጥቂት ጭራሮ አንድዱ። እርጥብ ቅጠል ጣል አድርጉበት። ጢሱን ተከተሉት። ጢስ በኋላ በኩል ብቻ መውጣት አለበት። በቁራጮቹ መካከል፣ ወይም በምጣዱና በምድጃው መካከል ጢስ ሲወጣ ካያችሁ፣ ሙቀቱም በዚያው እየወጣ ነው ማለት ነው። ቦታውን በከሰል ምልክት አድርጉበት። ከዚያ እሳቱን አጥፍታችሁ ሲቀዘቅዝ ምረጉት።

ስንጥቅ ሲደፈን

የሚያጣብቅ አፈር ውሰዱ። በደቀቀ የጤፍ ጭድ አቡኩት። አንድ ሌሊት ይደር። በማግስቱ ስንጥቁን በቢላዋ ፋቁት፤ የላላውን አውጡ፤ አቧራውን ጥረጉ። ቦታውን በውሃ አርጥቡት። ደረቅ ግድግዳ የጭቃውን ውሃ ስለሚመጠው፣ ሳይረጥብ ከተመረገ ጭቃው ተላቆ ይወድቃል። ከዚያ ጭቃውን በአውራ ጣት ጠቅጥቃችሁ አግቡት እንጂ ላዩን ብቻ አትቀቡት።

ምርጊቱ በጥላ ለ2 ወይም ለ3 ቀን ይድረቅ። የመጀመሪያው እሳት ትንሽ ይሁን። ባልደረቀ ምርጊት ላይ ትልቅ እሳት ከነደደ፣ ውስጡ ያለው ውሃ በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ ይሰነጥቀዋል።

ከምድጃው ጠርዝ የተሸረፈ ካለ በሲሚንቶ መጠገን ይቻላል። 1 እጅ ሲሚንቶ በ3 እጅ የተነፋ አሸዋ ይቀላቀላል። ከተለሰነ በኋላ ለ7 ቀን በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ፣ ጧትና ማታ ውሃ ይርከፈከፍበታል። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በውሃ ነው። ከ7 ቀን በኋላ ጆንያው ተነሥቶ በደንብ ይድረቅ፤ እሳት የሚነካው ከዚያ ወዲያ ነው።

አንዱ ቁራጭ ጨርሶ ቢሰበርስ? ምድጃውን ሁሉ አትጣሉት። የተሠራው በቁራጭ ነውና፣ የተሰበረው ብቻ በአዲስ ሊተካ ይችላል። ልኩ አንድ እንዲሆን ምድጃውን የሠራውን አምራች ጠይቁ።

የወንዶች ሥራ የለበትም ወይ?

አለበት። «ምድጃ የሴት ነው» የሚባለው የቆየ አባባል ነው። እንጀራውን የሚበላው ቤተ ሰቡ በሙሉ ነው። ጎተራ የሚመርግ እጅ ምድጃ መምረግ አያቅተውም። እንጨት መፍለጥ፣ መከመር፣ ክዳን መጠገን፣ ጭቃ ማቡካት የባልም የልጆችም ሥራ ነው። አባት ሲመርግ ያየ ወንድ ልጅ ነገ እሱም ይመርጋል።

ክረምት ሳይገባ

ግንቦት የዝግጅት ወር ነው። ዘር ከመበርታቱ በፊት አንድ ቀን ለምድጃ ይሰጥ።

እንጨቱን አስቀድሙ። አሁን የተቆረጠ እርጥብ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ የሚያህለው ውሃ ሊሆን ይችላል። እሳቱ መጀመሪያ ያንን ውሃ አፍልቶ ማባረር አለበት፤ የተረፈው ሙቀት ነው ለምጣዱ የሚደርሰው። ስለዚህ እንጨቱ በበጋ ተፈልጦ፣ በጣውላ ወይም በድንጋይ ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከክዳን ሥር ነፋስ እንዲያገኘው ሳሳ ተደርጎ ይከመር። የደረቀ እንጨት ጫፉ ይሰነጣጠቃል፤ ሁለቱ ሲጋጩ ድምፁ ጥርት ይላል። እርጥቡ ድምፁ የታፈነ ነው።

ክዳኑን እዩ። ምድጃው ባለበት በኩል የሚያፈስ ከሆነ አሁኑኑ ይከደን። ጠብታ በጋለ ምጣድ ላይ ሲወድቅ ምጣድ ይሰነጠቃል።

ከምድጃው ሥር ያለው መሬት ደልደል ያለና ከፍ ያለ ይሁን። ጎርፍ ወይም እርጥበት ከገባ ምድጃው ይዘማል፤ መገጣጠሚያው ይከፈታል።

ክረምት ሲወጣ

መስከረም ላይ ምድጃው የክረምቱን እርጥበት ይዟል። ለበዓል ብላችሁ ድንገት ትልቅ እሳት አታንድዱበት። በፊት ትንሽ እሳት ለጥቂት ጊዜ ይሙቅበት። ከዚያ በጢስ ፈትኑት፤ የላላውን ምረጉ። ምጣዱንም እዩት። የተሰነጠቀ ምጣድ ጢስ ያሾልካል፤ ሊጥም ያወርዳል። አዲስ ምጣድ ከተገዛ፣ ሳይሟሽ ለጋገራ አይዋል።

ሦስት አደጋዎች

አንደኛው፣ የከሰል ፍም ነው። በክረምት ብርድ ፍም ይዞ ወደ መኝታ ክፍል መግባት፣ በርም ዘግቶ መተኛት ገዳይ ነው። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ምልክቶቹ ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ሲገኝ በር ተከፍቶ፣ ወደ አየር ወጥቶ፣ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ሁለተኛው፣ ቃጠሎ ነው። ልጅ ወደ ምድጃ እንዳይደርስ በርብራብ ወይም በድንጋይ ይከለል። ሰው ቢቃጠል የተቃጠለው ቦታ ወዲያው በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ይፍሰስበት። ቅቤ፣ ጭቃ፣ አመድ፣ የጥርስ ሳሙና አይቀባ። በንጹሕ ጨርቅ ሳይጠብቅ ተሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ሦስተኛው፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ነው። በገጠር ብዙ እንዲህ ያሉ ሰዎች በግልጽ እሳት ላይ ወድቀው ተቃጥለዋል። ሰውም ይጋባብኛል ብሎ ሲፈራ፣ ከእሳቱ ሳያነሣቸው ይቀራል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። የሚጥል በሽታ በመንካትም ሆነ በለሃጭ አይጋባም። ፈጥናችሁ ከእሳቱ አውጡት። በሽታው መድኃኒት አለው፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። እንዲህ ያለ ሰው ባለበት ቤት ግልጽ እሳት አይንደድ። የተከለለ ምድጃ ይኑር፤ እሱ ብቻውን ሆኖ እሳት አጠገብ አይቀመጥ።

ጽፋችሁ ለጥፉት

ፊደል ያወቀ እጅ ሥራ ይፈልጋል። አንድ ወረቀት ወስዳችሁ ይህን በራሳችሁ ጽሕፈት ገልብጡ፤ ከእሳት ራቅ አድርጋችሁ ማድ ቤት ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

በተጋገረ ቁጥር፦ አመድ ይውጣ።
በየሳምንቱ፦ ጥቀርሻ ይጠረግ፤ ጣሪያ ይታይ፤ በጢስ ይፈተን።
በበጋ፦ እንጨት ተፈልጦ ይድረቅ።
በግንቦት፦ ክዳን ይጠገን፤ ምድጃ ይመረግ።
በመስከረም፦ በትንሽ እሳት ይድረቅ፤ እንደገና ይፈተን።

ከሥሩ መሥመር አስምሩና በወር የነደደውን ሸክም ቁጥር ጻፉ። ከ3 ወር በኋላ ቁጥሩን አስተያዩት። ከቀነሰ ምድጃው ደኅና ነው። ከጨመረ አንድ ቦታ ጢስ እየሾለከ ነው፤ ወይም እንጨቱ አልደረቀም፤ ፈልጉት።

በመጨረሻም፣ ይህን ጽሑፍ ያነበበ ላላነበበ ያንብብለት። በተለይ ለጋጋሪዎቹ ይነበብላቸው። እነሱም ከዕለት ሥራቸው የሚያውቁትን ይጨምሩበት። ስለ ምድጃ ከእነሱ የበለጠ አዋቂ የለምና።